ከአንድ በላይ ኔትወርክ ካርድ ያለው ሰርቨር ላይ ዲኤችሲፒ ማዋቀር

ዲኤችሲፒ ሰርቨር፣ ማለትም ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድል ማሽን፣ መትከል በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። አንድ ፓኬጅ ትጭናላችሁ፣ ጥቂት መስመር ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ማሽኑ ላይ ሁለት ሦስት ኔትወርክ ካርድ ሲኖር ነው። ያኔ ጥያቄው «አድራሻ እንዴት ላድል?» መሆኑ ይቀርና «በየትኛው ካርድ ላድል፣ በየትኛው ዝም ልበል?» ይሆናል። እኔ የምጀምረው ዝም ከሚባልበት ካርድ ነው። እሱን ሳልለይ አንድ መስመር አልጽፍም።

ወደ ውጭ በሚወስደው ካርድ በኩል አድራሻ ማደል የጀመረ ሰርቨር የሚረብሸው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። በዚያ በኩል አድራሻ የሚጠይቅ ማሽን ሁሉ የተሳሳተ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣ በር) ሊቀበል ይችላል። እዚያ ያለው ስዊች ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባለው ጥበቃ ከተከፈተለት መልሱን ያግደዋል። ካልተከፈተለት ግን ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ የመለሰው ያሸንፋል። ሰው ሁሉ «ኢንተርኔት ጠፋ» እያለ ሲጮህ ጥፋቱ ከእናንተ ማሽን መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለማሳያ የምጠቀመው ሦስት ካርድ ያለው ኡቡንቱ ሰርቨር ነው። አንዱ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፣ ስሙን ዋን0 እንበለው። ሁለተኛው ላን0 ለሠራተኞች ነው። ሦስተኛው ጌስት0 ለእንግዶች ነው። ትዕዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ስትተይቧቸው በላቲን ትንንሽ ፊደል አድርጓቸው።

ሰርቨሩ የቱን አድራሻ እንደሚሰጥ በምን ያውቃል?

ይሄን ያልገባው ሰው ፋይሉን ሲነካካ ይውላል። ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

አድራሻ የሌለው ኮምፒውተር ሲነሳ ዲስከቨር የሚባል መልእክት ይለቃል። የላኪው አድራሻ 0.0.0.0 ነው፣ የተቀባዩ ደግሞ 255.255.255.255። መልእክቱ ከዩዲፒ ፖርት 68 ተነስቶ ወደ ፖርት 67 ይሄዳል። ሰርቨሩ ኦፈር ብሎ አንድ አድራሻ ያቀርባል፣ ኮምፒውተሩ ሪኩዌስት ብሎ ይጠይቀዋል፣ ሰርቨሩ አክ ብሎ ያጸድቅለታል። በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2131 የሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ያስቀመጠው አካሄድ ነው፤ ዛሬም በዚሁ ነው የምንሠራው።

እዚያ መልእክት ውስጥ «እኔ የእንግዶቹ ክፍል ነኝ» የሚል ነገር የለም። ሰርቨሩ ያለው ፍንጭ መልእክቱ የገባበት ካርድ ብቻ ነው። ካርዱን ለየ እንበል። ቀጥሎ የዚያን ካርድ የራሱን አይፒ አድራሻ ያያል። ላን0 ላይ 192.168.20.1 ካለ፣ እናንተ ከጻፋችኋቸው ክልሎች መካከል እዚያ ሳብኔት (የአንድ ኔትወርክ አድራሻዎች ስብስብ) ውስጥ የሚወድቀውን ፈልጎ ከእሱ ይሰጣል። ክልሉንና ካርዱን የሚያገናኛቸው የካርዱ አድራሻ ነው። ሌላ ሳብኔት ላይ ሆኖ ጥያቄ የሚያስተላልፍ ሪሌይ ካለ ነገሩ ይለያል፤ ሪሌዩ የራሱን አድራሻ መልእክቱ ውስጥ ስለሚጽፍ ሰርቨሩ በእሱ ይመራል።

እንግዲህ ካርዱ ቋሚ አድራሻ ሳይኖረው ዲኤችሲፒውን ማስተካከል ልፋት ነው። ሁለት ካርዶችም አንድ ሳብኔት ሊጋሩ አይገባም። በተለይ ይሄኛውን ብዙ ቦታ አያለሁ። ከውጭ ያለው ሞደም 192.168.1.0 ላይ ነው፣ ሰውየው ውስጡንም 192.168.1.0 ያደርገዋል። ከዚያ ማሽኑ የዳታ ጥቅሉን በየት በኩል እንደሚልክ ግራ ይገባዋል። እኔ 0 እና 1ን ለሞደሞች ትቼላቸዋለሁ። ላን0ን 20፣ ጌስት0ን 30 አደርጋለሁ። አድራሻውን ያየ ሰው ሦስተኛውን ቁጥር አይቶ በየትኛው ካርድ እንደገባ ወዲያው ያውቃል።

ካርዶቹን ለዩ፣ ስም አውጡላቸው

ሦስት ቀዳዳ ከኋላ ተደርድሯል። የቱ የቱ ነው? አይፒ ማይነስ ቢአር ሊንክ ብትሉ ስማቸውንና ማክ አድራሻቸውን (ከፋብሪካ የተሰጣቸውን መለያ ቁጥር) ይዘረዝርላችኋል፣ ቀዳዳውን ግን አያሳያችሁም። ለዚህ ኢዝቱል የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ኢዝቱል ብላችሁ፣ ማይነስ ፒ፣ የካርዱን ስም፣ ከዚያ 10 ብትጽፉ የዚያ ካርድ መብራት ለ10 ሴኮንድ ብልጭ ድርግም ይላል። አንዳንድ ካርድ ይሄን አይችልም፤ እንደዚያ ከሆነ ኬብሉን ነቅላችሁ የትኛው እንደወረደ እዩ። ያወቃችሁትን እዚያው በፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት። እኔ ሰው ሠርቶት ወደሄደ ሰርቨር ስጠራ መጀመሪያ የማየው የካርዶቹን ጀርባ ነው። ፕላስተር ካለ ሥራው ቀላል እንደሚሆን አውቀዋለሁ።

ሊኑክስ በራሱ የሚያወጣቸው ስሞች፣ ኢኤንፒ2ኤስ0 ዓይነቶቹ፣ በ2013 ከሲስተምዲ 197 ጋር የመጡ ናቸው። ስሙ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካበትን ቦታ ይከተላል። አዲስ ፒሲአይ ካርድ ስትጨምሩ ቁጥሩ ሊንሸራተት ይችላል። ኢኤንፒ2ኤስ0 የነበረው ኢኤንፒ3ኤስ0 ሆኖ ሲነሳ፣ ትናንት ለእንግዶች የነበረው ስም ዛሬ የውጪውን ካርድ ሊይዝ ይችላል። ዲኤችሲፒ ለሚሰጥ ማሽን ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ በማክ አድራሻ አስሬ የራሴን ስም አወጣለሁ።

ኡቡንቱ ላይ ሁሉም በአንድ የኔትፕላን ፋይል ያልቃል። ፋይሉ ኢቲሲ ውስጥ ኔትፕላን በሚለው ፎልደር ነው ያለው። ለእያንዳንዱ ካርድ ማች በሚለው ሥር ማክ አድራሻውን፣ ሴት-ኔም በሚለው ላይ አዲሱን ስም ትጽፋላችሁ። ለላን0 አድራሻውን 192.168.20.1/24፣ ለጌስት0 192.168.30.1/24 ስጡ። ዋን0 ላይ ዲኤችሲፒ4ን ትሩ አድርጉት፤ እሱ ከሞደሙ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም።

ውስጠኞቹ ካርዶች ላይ ጌትዌይ አትጻፉ። ፎርሙ ላይ ቦታ ስላለ ብቻ የሚሞሉት ሰዎች አሉ። ማሽኑ ወደ ውጭ የሚወጣው በዋን0 ብቻ ስለሆነ ነባሪው መንገድ አንድ መሆን አለበት። ላን0 እና ጌስት0 ላይ ኦፕሽናል የሚለውንም ትሩ አድርጉት፤ አለበለዚያ ኬብል ያልተሰካበት ካርድ ካለ ማሽኑ ሲነሳ እሱን እየጠበቀ ይቆማል። ኢግኖር-ካሪየርን ትሩ ካደረጋችሁት ደግሞ ካርዱ ስዊቹ ቢጠፋም አድራሻውን ይይዛል።

ፋይሉ ታብ አይወድም፣ በስፔስ ብቻ ነው የሚሠራው። መብቱንም 600 አድርጉት፣ አለዚያ ኔትፕላን ማጉረምረሙን አይተውም። ለውጡን ስታስገቡ አፕላይ ከማለታችሁ በፊት ኔትፕላን ትራይ በሉ። በ120 ሴኮንድ ውስጥ ካላጸደቃችሁት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስም ስለቀየራችሁ ግን በመጨረሻ ማሽኑን አንዴ አጥፍቶ ማስነሳት ይሻላል። ያን ጊዜ ከማሽኑ አጠገብ ሁኑ፣ በርቀት አታድርጉት።

የዲኤችሲፒው ፋይል

የቱን ፕሮግራም? ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት መመሪያ አብዛኛው ስለ አይኤስሲ ዲኤችሲፒ ነው። አዘጋጆቹ ግን በ2022 መጨረሻ ጥገናውን አቁመዋል፤ ለአዲስ ሥራ አልመርጠውም። ተተኪው ኪያ ነው፣ ወደ መጨረሻ አካባቢ አነሳዋለሁ። ለሁለት ሦስት ካርድ ለኔ የሚመቸኝ ዲኤንኤስማስክ ነው። ትንሽ ነው፣ ፋይሉ በሰው ቋንቋ ይነበባል፣ ሎጉም ግልጽ ነው።

ስትጭኑት ሰርቪሱ ወዲያው ሊነሳ ይሞክርና «ፖርት 53 ተይዟል» ብሎ ሊወድቅ ይችላል። አትደንግጡ። ኡቡንቱ ላይ ፖርት 53ን ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ ይዞታል። እኛ የምንፈልገው ዲኤችሲፒውን ብቻ ስለሆነ የዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን) በኩል እንዘጋዋለን። ኢቲሲ ውስጥ ዲኤንኤስማስክ.ዲ በሚለው ፎልደር አዲስ ፋይል ክፈቱና ይሄን ጻፉ፦

ፖርት=0
ኢንተርፌስ=ላን0
ኢንተርፌስ=ጌስት0
ኤክሴፕት-ኢንተርፌስ=ዋን0
ባይንድ-ዳይናሚክ
ዲኤችሲፒ-ኦቶሪቴቲቭ
ዲኤችሲፒ-ሬንጅ=192.168.20.50,192.168.20.199,255.255.255.0,12ኤች
ዲኤችሲፒ-ሬንጅ=192.168.30.20,192.168.30.239,255.255.255.0,1ኤች
ዲኤችሲፒ-ኦፕሽን=6,1.1.1.1,8.8.8.8

ኢንተርፌስ የሚለውን ከጻፋችሁ ፕሮግራሙ ከተጠቀሱት ካርዶችና ከማሽኑ የውስጥ ሉፕባክ ውጭ አይሰማም። እንግዲያ ኤክሴፕት-ኢንተርፌስ ለምን አስፈለገ? በአሠራር ደረጃ ትርፍ ነው። ግን ነገ አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ኢንተርፌስ የሚሉትን ቢሰርዝ ዋን0 እንደተዘጋ ይቀራል፤ ኤክሴፕት ሁልጊዜ ያሸንፋልና። ደግሞም ለሚያነበው ሰው ሐሳቤን ይነግርልኛል።

ባይንድ-ዳይናሚክ ዘግይቶ የሚነሳ ካርድን ለመቀበል ነው። ካርዱ በኋላ ሲመጣ ወይም አድራሻ ሲያገኝ ፕሮግራሙ ራሱ ያየዋል። ባይንድ-ኢንተርፌስስ የሚለው ወንድሙ ግን ስሙ የተጻፈው ካርድ በዚያች ሰዓት ከሌለ ከነአካቴው አልነሳም ይላል።

ክልሎቹን እዩ። ከ20.50 ጀምሬ እስከ 20.199 ነው የሰጠሁት፣ 150 አድራሻ ማለት ነው። ከ50 በታች ያሉትን ለፕሪንተርና ለመሳሰሉት ቋሚ ነገሮች አስቀርቼአለሁ። የእንግዶቹ ኪራይ (አድራሻው የሚሰጥበት ጊዜ) 1 ሰዓት የሆነው እንግዳ መጥቶ ስለሚሄድ ነው። የሄደ ሰው አድራሻ 12 ሰዓት ታግቶ መቆየት የለበትም።

ጌትዌይ አልጻፍኩም፤ ካልተጻፈለት ዲኤንኤስማስክ የዚያኑ ካርድ አድራሻ ጌትዌይ አድርጎ ይሰጣል። ላን0 ላይ 192.168.20.1፣ ጌስት0 ላይ 192.168.30.1። የምንፈልገውም እሱን ነው። ዲኤንኤስ ግን የግድ መጻፍ አለበት፤ ፖርት 0 ካደረጋችሁት በኋላ ፕሮግራሙ ራሱን ዲኤንኤስ አድርጎ አያቀርብም። 6 ቁጥር የዲኤንኤስ ኦፕሽን ነው፣ 3 ደግሞ የጌትዌይ።

አንድ የምወዳት ነገር ልጨምር። ዲኤንኤስማስክ ጥያቄው የገባበትን ካርድ ስም በራሱ ታግ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ለአንዱ ካርድ ብቻ የሚሠራ ኦፕሽን መስጠት ቀላል ነው። ለምሳሌ አራተኛ ካርድ ለካሜራዎች ጨመራችሁ፣ ስሙ ካም0 ነው፣ ካሜራዎቹም ኢንተርኔት እንዲያገኙ አትፈልጉም እንበል። ዲኤችሲፒ-ኦፕሽን=ታግ:ካም0,3 ብላችሁ ከ3 በኋላ ምንም ሳትጽፉ ተዉት። ባዶው ኦፕሽን ነባሪውን ያፍነዋል፤ ካሜራው አድራሻ ያገኛል፣ ጌትዌይ አያገኝም። ይሄ ግን ጥበቃ አይደለም። ካሜራው ላይ ጌትዌዩን በእጁ የሚጽፍ ሰው ይወጣል። የምር መዝጋት የፋየርዎል ሥራ ነው።

ቋሚ አድራሻ ለፕሪንተሩ ለመስጠት ዲኤችሲፒ-ሆስት ብላችሁ ማክ አድራሻውን፣ በኮማ 192.168.20.10 ጻፉ።

የምትጽፉት ካርድ የብሪጅ (ካርዶችን እንደ አንድ የሚያያይዝ) አባል ከሆነ የብሪጁን ስም ነው መጻፍ ያለባችሁ፣ አባሉን አይደለም። አድራሻውን የያዘው ብሪጁ ነውና። ቪላን (በአንድ ኬብል ላይ ተለይቶ የሚሄድ ኔትወርክ) ከሆነም እንደዚያው፣ የቪላኑን ስም።

ፋየርዎል

ዲኤንኤስማስክ የዲኤችሲፒ ጥያቄን የሚቀበለው በተለመደው ሶኬት ነው። ፋየርዎሉ 67ን ከዘጋ ጥያቄው አይደርሰውም። ዩኤፍደብልዩ የምትጠቀሙ ከሆነ «አላው ኢን ኦን ላን0 ቱ ኤኒ ፖርት 67 ፕሮቶ ዩዲፒ» በሉ፣ ለጌስት0ም ድገሙት። ለዋን0 አትክፈቱ። ፋይሉ ላይ ዘግታችኋል፣ ፋየርዎሉም ላይ ተዘግቷል፤ ሁለት ቁልፍ ይሻላል።

ሁለት ሳብኔት ስለሠራችሁ ብቻ እንግዳውና ሠራተኛው ተለያዩ ማለት አይደለም። ኢንተርኔት እንዲያገኙ አይፒ-ፎርዋርድን 1 ስታደርጉ ማሽኑ በጌስት0 የገባውን ወደ ላን0 ማሳለፍም ይጀምራል። ከጌስት0 ወደ ላን0 የሚሄደውን በግልጽ ከልክሉ። በዋን0 ለሚወጣው ደግሞ ማስከሬድ (የውስጡን አድራሻ በዋን0 አድራሻ መተካት) ያስፈልጋል። አድራሻ አግኝቶ ኢንተርኔት ያላገኘ ኮምፒውተር ካያችሁ ዲኤችሲፒው ሥራውን ጨርሷል፤ እነዚህን ሁለቱን ፈትሹ።

ሙከራ

መጀመሪያ ዲኤንኤስማስክ በሁለት ሰረዝ ቴስት፣ ማይነስ 7፣ ከዚያ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር (ኢቲሲ ውስጥ ዲኤንኤስማስክ.ዲ) ጽፋችሁ ሞክሩት። ፋይሉ ከተስተካከለ «ሲንታክስ ቼክ ኦኬ» ይላል። ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጉና ጆርናልሲቲኤል ማይነስ ዩ ዲኤንኤስማስክ ማይነስ ኤፍ ብላችሁ ሎጉን ክፍት አድርጉ። ከዚያ አንድ ላፕቶፕ ላን0 ላይ ሰኩ። አራት መስመር ትወርዳለች፦ ዲስከቨር፣ ኦፈር፣ ሪኩዌስት፣ አክ። በእያንዳንዷ መስመር ቅንፍ ውስጥ የካርዱ ስም አለ። እሱን አንብቡ። «ላን0» ብሎ 192.168.20.87 ከሰጠ ልክ ነው።

አሁን ኬብሉን ነቅላችሁ ጌስት0 ላይ ሰኩት። ብዙ ላፕቶፕ የድሮ አድራሻውን አይለቅም፣ «20.87 ይሰጠኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ናክ (አይሆንም) ብሎ ይመልስለታል፣ ከጎኑም «ሮንግ ኔትወርክ» ብሎ ይጽፋል። ላፕቶፑ ከዜሮ ይጀምርና 30 የሚለውን ያገኛል። ናክ አይቶ የሚደናገጥ ሰው አለ፤ ይሄኛው ናክ ግን ሁለቱ ካርዶች በትክክል እንደተለያዩ ምስክር ነው።

ሎጉ «ኖ አድሬስ ሬንጅ አቬይለብል» ካለና የካርዱን ስም ከጠቀሰ፣ ጥያቄው ደርሷል ግን ከካርዱ አድራሻ ጋር የሚገጥም ክልል የለም። ወይ ክልሉ ላይ ቁጥር ተሳስቷል ወይ ካርዱ ላይ። «ሀዝ ኖ አድሬስ» ካለ ካርዱ አይፒ የለውም፤ ወደ ኔትፕላን ተመለሱ። ሎጉ ጭራሽ ዝም ካለ ፋየርዎል ወይም ኬብል ነው። ላፕቶፑ 169.254 የሚል አድራሻ ለራሱ ካወጣ ማንም አልመለሰለትም ማለት ነው።

የመጨረሻው ፈተና የዋን0 ነው። ኤስኤስ ብላችሁ ክፍት ፖርቶችን ብታዩ 0.0.0.0፡67 ታገኛላችሁ። ልባችሁ አይቁረጥ። ከአንድ በላይ ካርድ ሲኖር ዲኤንኤስማስክ ሶኬቱን በሁሉም ላይ ከፍቶ የሚለየው በኋላ፣ ጥቅሉ በገባበት ካርድ ነው። ስለዚህ ኤስኤስ እዚህ ላይ ዳኛ መሆን አይችልም። ዳኛው በካርዱ የሚያልፈውን ጥቅል የሚያሳየው ቲሲፒደምፕ ነው። ማይነስ ኤን፣ ማይነስ አይ ዋን0፣ ከዚያ «ፖርት 67 ኦር ፖርት 68» በሉት። ከናንተ ማሽን ከ68 ተነስቶ የሚወጣ ነገር ብታዩ ዋን0 ራሱ ከሞደሙ አድራሻ እየጠየቀ ነው፣ ጤነኛ ነው። ከናንተ ማሽን ከ67 ተነስቶ የሚወጣ ነገር ካያችሁ ግን ሰርቪሱን አሁኑኑ አቁሙት።

ሁለት ካርድ፣ አንድ ስዊች

ሁሉም ልክ ሆኖ አድራሻው የሚዘባረቅበት አንድ ሁኔታ አለ። አንድ ቦታ ተጠርቼ ሄድኩ። ቅሬታው «ፕሪንተሩ ለአንዳንዱ ሰው ይታያል፣ ለአንዳንዱ አይታይም፣ በየቀኑም ሰዎቹ ይለያያሉ» የሚል ነበር። ፋይሉ ንጹህ ነው። ሎጉን ስከፍት ግን ያው አንድ ማክ አድራሻ፣ ያው ሴኮንድ ላይ፣ አንዴ በላን0 አንዴ በጌስት0 ዲስከቨር ይላል። ከሰርቨሩ የወጡት ሁለቱም ኬብሎች ተራ ስዊች ላይ፣ ጎን ለጎን ተሰክተዋል።

ዲስከቨር ለሁሉም የሚበተን መልእክት ስለሆነ በሁለቱም ካርድ ይገባል። ሰርቨሩም በየካርዱ ሁለት የተለያየ ኦፈር ይመልሳል፣ አንዱ ከ20 አንዱ ከ30። ኮምፒውተሩ ቀድሞ የደረሰውን ይወስዳል፤ ዕጣ ነው። የትኛውም የዲኤችሲፒ መስመር ይሄን አያስተካክልም። ወይ ሁለት ስዊች፣ ወይ ቪላን የሚያውቅ ስዊች ነው መፍትሔው። ሎጋችሁ ውስጥ አንድ ማክ በሁለት ካርድ ስም ከታየ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ኬብሎቹን ተከተሉ።

ኪያ ለሚመርጡ

ብዙ ሳብኔት ካላችሁ፣ ወይም ኪራዮቹን ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ኪያ ይሻላል። ሐሳቡ ያው ነው፣ ፋይሉ ጄሶን ነው። ኢንተርፌስስ-ኮንፊግ በሚለው ሥር የካርዶቹን ዝርዝር ታገኛላችሁ። ኮከብ ምልክት መጻፍ ይቻላል፣ ሁሉንም ካርድ ማለት ነው። እንደኛ ዓይነት ማሽን ላይ ኮከቡን አትጻፉ፣ ስማቸውን ዘርዝሩ። ኪያ ሊኑክስ ላይ በነባሪው ጥሬ ሶኬት ነው የሚጠቀመው፤ ጥቅሉን ፋየርዎሉ ሳያየው በፊት ያነበዋል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ የላችሁም፣ ዝርዝሩ ብቻ ነው ያለው። ክልሎቹን ሳብኔት4 በሚለው ሥር ትጽፋላችሁ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ አይዲ ቁጥር ስጡት። ጌትዌዩንም ራሳችሁ ጻፉ፣ ኪያ እንደ ዲኤንኤስማስክ አይገምትላችሁም።

በኋላ ክልል መቀየር ስትፈልጉ

የዲኤንኤስማስክ የኪራይ መዝገብ ቫር፣ ሊብ፣ ሚስክ ውስጥ ዲኤንኤስማስክ.ሊዝስ በሚል ስም ተቀምጧል። በየመስመሩ ኪራዩ የሚያልቅበት ጊዜ፣ ማክ አድራሻው፣ አይፒው፣ የማሽኑ ስም ይነበባል። ማን የት እንዳለ ለማወቅ ከሎጉ ይሄኛው ይፈጥናል።

ኮምፒውተር ኪራዩን የሚያድሰው ግማሹ ጊዜ ሲያልፍ ነው። በ12 ሰዓት ኪራይ ላይ በየ6 ሰዓቱ ማለት ነው። ስለዚህ ፋይሉን ቀይራችሁ «ለምን አልተቀየረም?» አትበሉ፤ ኮምፒውተሩ ገና አልጠየቀም። ትልቅ ለውጥ ካሰባችሁ ከአንድ ቀን በፊት ኪራዩን ወደ 10 ደቂቃ አውርዱት። በማግሥቱ ክልሉን ስትቀይሩ ሁሉም በ5 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሊያድስ ይመጣል፣ አዲሱንም ይዞ ይሄዳል። ከዚያ 12 ሰዓቱን መልሱት።